አራተኛው ረድፍ

ማስተር ስህተቱን ያገኘው ሰኞ ከምሳ በፊት ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፉን ፈታኞች ፊት ቆሞ ሊያስረዳ ሦስት ቀን ሲቀረው። በክለቡ መዝገብ ቤት፣ ከፋይል መደርደሪያዎቹ መሐል በተሰነቀረችው ጠረጴዛው ላይ፣ ሐሙስ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ መስመር መስመሩን ሲያሳምር ዓይኑ አራተኛው ረድፍ ላይ ተተከለ። የሴቶች መረብ ኳስ። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። በጣቱ እየነካ እስከ ጫፍ ተከተለው። ሃያ ሁለት ጨዋታ፣ ሃያ ሁለት ዜሮ።

ትክክለኛ ስሙን ከደመወዝ ከፋዩ በቀር በክለቡ የሚጠራው አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት በስፖርት ማኔጅመንት ሁለተኛ ዲግሪውን ሊማር ሲመዘገብ የእግር ኳሱ ወጌሻ “ማስተር” ብሎ አሾፈበትና በዚያው ጸና። ፋይል መደርደርም በዲግሪ ሆነ ወይ እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል። ውስጡ ግን አይስቅም ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሌሎች የጻፉትን ደብዳቤ ቁጥር እየሰጠ ያስቀመጠ ሰው ነው። ተመርቆ ሲመጣ የሥራ አስኪያጁ ወንበር እንደሚጠብቀው ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው ነግረውታል።

ጥናቱ የተነሳው ከአንድ ቀላል ጥያቄ ነው፤ ከክለቡ ስድስት የስፖርት ክፍሎች የትኛው ምን ያህል ተመልካች ይስባል? ማስረጃው የበር ሪፖርት ነበር። በየጨዋታው በር ላይ የሚቆመው ጥበቃ የገባውን ሰው ቆጥሮ በቁራጭ ወረቀት ይጽፍና ለመዝገብ ቤት ያስረክባል። የሴቶቹ መረብ ኳስ ቡድን ግን የአዳራሹ ጣሪያ ማፍሰስ ከጀመረ ወዲህ ሁለት የውድድር ዘመን የተጫወተው አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው። እዚያ የክለብ ጥበቃ አይቆምም፤ ጥበቃ ከሌለ ሪፖርት የለም። ስለዚህ ቦታው ባዶ ነበር። የስሌት ፕሮግራሙ ባዶ ያገኘበትን ረድፍ እየዘለለ ሲያስቸግረው፣ ማስተር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትዕግሥቱ አለቀና ባዶውን ሁሉ በዜሮ እንዲሞላ አዘዘው። ፕሮግራሙ የታዘዘውን አደረገ። ማስተርም ረሳው። መረብ ኳሱ ከስድስቱ መጨረሻ ሆኖ ወጣ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ሰንጠረዡን አስተካክሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ግን ፕሬዚዳንቱ ከሁለት ወር በፊት የጥናቱን ውጤት አንድ ኮፒ እንዲሰጣቸው ጠይቀውት፣ እሱ ደግሞ ደስ ብሎት በፕላስቲክ ሽፋን አድርጎ አስረክቧል። ከሦስት ሳምንት በፊት ከቦርዱ ደብዳቤ ወጣ። “በተደረገ ጥናት የሕዝብ ተከታይ የሌለው መሆኑ ስለተረጋገጠ” የሴቶች መረብ ኳስ ክፍል በወሩ መጨረሻ ይዘጋል ይላል። የቡድኑ አሰልጣኝ ታላቅ እህቱ ናት።

እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት፤ አሁንም የሚኖሩት በአንድ ቤት ነው። መጀመሪያ ተጫዋች ነበረች፤ ጉልበቷ እንቢ ሲላት ፊሽካ አንጠልጥላ ከመስመሩ ውጭ ቆመች፤ እንዲህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ደብዳቤው የደረሳት ቀን እራት ላይ ከሳህኑ ጎን አኖረችለትና ይህን ጥናት ማን እንዳጠናው ጠየቀችው። መዝገብ ቤት ነውና ያውቃል ብላ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፉ ስለ ምን እንደሆነ ነግሯት አያውቅም ነበር። ማስተር ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ ቢሮ ውስጥ የተሠራ ነገር ይሆናል አላት። ያን ጊዜ ቁጥሩ ትክክል መስሎት ነበር፤ እውነት ከመረራት ጥፋቱ የኔ አይደለም እያለ ራሱን አጽናናው። የኔ ነው ማለት ግን ከጉሮሮው አልወጣም።

ማክሰኞ ጠዋት ፕሬዚዳንቱ ቢሮ ገባና ሳይቀመጥ ሁሉንም ነገራቸው። ባዶው ዜሮ እንዳልሆነ፣ ሰው ሳይመጣ ቀርቶ ሳይሆን የቆጠረ ሰው ስላልነበረ እንደሆነ አስረዳ። ፕሬዚዳንቱ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ እየወለወሉ ሰሙት። ሰው ሲያስከፋቸው የሚቆጡ ዓይነት አልነበሩም።

“ስማ ማስተር፣” አሉት በመጨረሻ። “አዳራሹ ታድሶ ለዕቃ ማከማቻ እንዲሰጥ ቦርዱ የወሰነው አምና ነው። ያንተ ወረቀት ባይመጣም ሌላ ወረቀት ይመጣ ነበር።”

“ታዲያ ለምን የኔን?”

“ደህና ስለተጻፈ ነዋ።” መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። “በል አሁን ሂድ፣ ሐሙስን በሰላም ተወጣ። ከዚያ በኋላ ስለ ወንበሩ እንነጋገራለን።”

ማስተር ኮሪደሩ ላይ ወጥቶ ቆመ። የተወሰነ ነገር ነው፤ እሱ ቢናገርም ባይናገርም የሚመለስ አዳራሽ የለም። ይህ ሐሳብ ሊያቀልለው ሲገባ እንደ እርጥብ ካፖርት ትከሻው ላይ ተጫነው። ዝም ካለ ደግሞ እህቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰው ዞር ብሎ ያላየው ነገር ላይ እንደደከመች ቆጥራ ትኖራለች። በእሱ ፊርማ።

ረቡዕ ከሥራ ሲመለስ የሐሙሱን ሸሚዝ ስትተኩስለት አገኛት። አሁን ልንገራት ብሎ ወንበር ሳበ። እሷ ግን ቀድማ ከቡድኑ ልጆች ሁለቱን ይዛ ነገ እንደምትመጣ አበሰረችው። አሰልቺ ነው፣ ቁጥር ብቻ ነው፣ ሁለት ሰዓት ይፈጃል ብሎ ሊያስቀራት ሞከረ።

“ማሙሽ፣” አለችው፤ በሠላሳ አምስት ዓመቱም የምትጠራው እንደዚያ ነው። “የተሸነፍኩትን ጨዋታ ሁሉ እስከ ፊሽካው ቁጭ ብዬ ያየሁ ሰው ነኝ። ያንተ ያቅተኛል?”

የሸሚዙን አንገትጌ ገልብጣ ተኮሰችው። ማስተር ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰ።

ሐሙስ ክፍሉ ጠባብ ነበር፤ ፊት ለፊት ሦስት ፈታኞች፣ ኋላ አራት ረድፍ ወንበር። እህቱ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ከሁለት ተጫዋቾች ጋር ተቀመጠች። ሁለቱም የቡድኑን ቱታ ለብሰዋል። አንዷን በቁመቷ ምክንያት ቡድኑ “መሰላል” ይላታል፤ ጉልበቷ ከፊቷ ካለው ወንበር ጋር እየተጋጨ መቀመጫ አጥታ ነበር።

ማስተር ገለጻውን ሳይደናቀፍ ጨረሰ። ሰንጠረዡ ግድግዳው ላይ ሲበራ ወደ ኋላ ላለማየት ዓይኑን ከፈታኞቹ ጎን በተቀመጠው የጥናቱ አማካሪ ላይ ተከለ። ከዚያ የውጭ ፈታኙ፣ ሽበታም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው፣ እስክሪብቷቸውን ወደ ግድግዳው ቀሰሩ። አራተኛው ረድፍ ግራ አጋብቷቸዋል፤ በሁለት ዓመት አንድም ሰው ለማየት አልመጣም ማለት ነው ወይ ብለው ጠየቁ።

መልስ ነበረው። ሜዳው ከከተማው መሐል ስለሚርቅ፣ የማስታወቂያ ሥራ ስላልተሠራ፤ ማታውን በቃሉ ያጠናው መልስ ነው። አፉን ሲከፍት ከኋላ የመሰላል ድምፅ መጣ። ለጓደኛዋ በጆሮዋ የነገረቻት መስሏት ነበር፤ ክፍሉ ግን ጠባብ ነው።

“እናቴ ሰው አይደለችም እንዴ?”

አንዱ ፈታኝ ፈገግ አለ። ማስተር ጉሮሮውን ጠረገ።

“ዜሮ አይደለም፣” አለ። “አልተቆጠረም። ባዶውን በዜሮ የሞላሁት እኔ ነኝ። ስህተቱ የኔ ነው። በዚህ ሰንጠረዥ ምክንያት ቡድኑ ተዘግቷል።”

ወደ ኋላ አላየም። የወንበር እግር ወለሉን ሲጭር ግን ሰማ።

ፈታኞቹ ተያዩ። እንደሚወቅሱት፣ ምናልባትም እንደሚጥሉት ጠብቆ ነበር። ሽበታሙ ግን የገዛ ጉድለቱን በአደባባይ የሚናገር ተማሪ ብዙ አላጋጠመኝም ብለው አመሰገኑት፤ በሁለት ሳምንት አስተካክሎ፣ “የጥናቱ ውስንነት” በሚለው ክፍል አንድ አንቀጽ ጨምሮ እንዲያስረክብ አዘዙ። ውጤቱ “በጣም ጥሩ” ሆነ። አማካሪው እጁን ጨበጠው። እንዲህ በቀላሉ ማለፉ ከመውደቅ ይልቅ ከበደው።

እህቱን ደረጃው ሥር አገኛት። ልጆቹን ሸኝታቸዋለች። ያለቀሰች አትመስልም፤ የተሸነፈ ቡድን ይዛ አውቶቡስ የምትጠብቅ ነበር የምትመስለው።

“ባዶ ነበር አልክ አይደል?”

“አዎ፣ እትዬ።”

“ታዲያ እኔን ለምን አልጠየቅኸኝም?”

“አማካሪዬ… ከዘመድ መረጃ አይወሰድም ብሎኝ ነበር።”

“ከዘመድ፣” አለች። ቃሉን እንደ ጠጠር አፏ ውስጥ ያገላበጠችው መሰለው። ከዚያ በተረጋጋ ድምፅ ነገረችው። ለተመልካች ወንበር ከየመማሪያ ክፍሉ የምታወጣው እሷ ነበረች፤ ቆጥራ መመለስ ስላለባት የመጣውን ሰው ሁሉ በየጨዋታው ትጽፍ ነበር። ደብተሩም የትም አልሄደም፤ ከእሱ አልጋ ራስጌ ካለው መደርደሪያ ላይ ነው፣ ከሁለት ዓመት በላይ። “ሌላ የትም ቦታ ስላልነበረኝ ነው እዚያ ያስቀመጥኩት፣” አለች፤ ይቅርታ የምትጠይቀው እሷ ይመስል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደብተሩን አውርዶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ባለ ሃምሳ ገጽ የተማሪ ደብተር ነው፤ ጠርዙ የተበላ። ከቀኑ ጎን የተጋጣሚው ስም፣ ከዚያ የሰው ቁጥር፣ አልፎ አልፎም ቃል ሁለት ቃል። “ሰባ ሁለት። ወንበር አነሰ።” “ሃምሳ ስምንት። የመሰላል እናት ከነጎረቤቶቿ።” “ዝናብ። አሥራ አንድ። ወንድሜ አለ።”

አንድ በአንድ እያነበበ ወደ ኮምፒውተሩ አስገባቸው። “ወንድሜ አለ” የምትለዋ በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ እየተደጋገመች መጣች። ትምህርቱን ከጀመረበት ወር ወዲህ አንድ ጊዜ “ወንድሜ ፈተና አለበት” ተብሎ ተጽፏል። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። እህቱ ጓዳ ውስጥ የጉልበት መከላከያዎች እያጠበች ነበር፤ ለክለቡ ንጹሕ አድርጋ ልታስረክብ። ውሃው ሲንቦጫረቅ ይሰማዋል። ሲጨርስ መረብ ኳሱ ከስድስቱ ሦስተኛ ወጣ።

ሰኞ ጠዋት አዲሱን ሰንጠረዥ ከማብራሪያ ደብዳቤ ጋር አድርጎ ለፕሬዚዳንቱ ጸሐፊ ሰጠ። ስለ ወንበሩ ያነሳለት ሰው አልነበረም፤ እሱም አልጠየቀም። ረፋዱ ላይ ወጌሻው ብቅ ብሎ “ማስተር፣ እንኳን ደስ ያለህ” አለውና ፊቱን አይቶ ቀልዱን ሳይጨርስ ሄደ።

ከምሳ በኋላ ተላላኪዋ የቀኑን ወረቀቶች አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ከመረችለት። ሦስተኛው የራሱ ደብዳቤ ነበር። ጥጉ ላይ በፕሬዚዳንቱ ሰማያዊ ቀለም “ለመዝገብ ቤት። ከፋይሉ ጋር ይያያዝ” ተብሎበታል። ከሥሩ በእህቱ እጅ የተጻፈ የዕቃ ርክክብ ቅጽ አለ። ኳስ አሥራ ሁለት። መረብ ሁለት። የጉልበት መከላከያ ሃያ ስድስት፣ ታጥቦ። ፊሽካ አንድ። አስረካቢ ከሚለው ጎን ፈርማለች።

ማስተር ለሁለቱም ተከታታይ ቁጥር ሰጣቸው፣ ጠርዛቸውን በመብሻው በሳ፣ የሴቶች መረብ ኳስን ፋይል አውጥቶ ከመዝጊያ ደብዳቤው ኋላ አስገባቸው፤ ከዚያም ፋይሉ ላይ “የተዘጋ” ብሎ ጻፈና የተዘጉት ወደሚቀመጡበት የታችኛው መደርደሪያ ጎንበስ አለ።