ላላ ብሎ የተሰፋ ቁልፍ

«ሆድሽ ጮኸ» አለ ጆሮ ከመስታወቱ ማዶ።

ተራኪዋ የምታነበውን መስመር በጣቷ እንደያዘች ቀና አለች። «የኔ ሆድ አይደለም፤ ወንበሩ ነው።»

«ወንበሩ ቁርስ አልበላማ። በይ ከ‹ደረጃውን ወጣ› ጀምሪልኝ፣ እሜቴ።»

ከ‹ደረጃውን ወጣ› ጀመረች። ጆሮ የሚለውን ስም ያወጡለት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ናቸው። የድምፅ ባለሙያ ነው። እጅጌ ከጠረጴዛ ጋር ሲታከክ ይሰማዋል፤ ምራቅ ስትውጪ ይሰማዋል፤ ላይኛው ፎቅ ላይ ሰው ካስነጠሰ ቀረጻውን አቁሞ ወደ ጣሪያው «ይማርህ» ይላል። እሷ ልቦለድ ታነባለች፣ እሱ ይቀዳል፣ የተቀዳው በስልክ ለሚያዳምጡ ሰዎች ይላካል። ዓመታት እንዲሁ አልፈዋል፣ እሷ በስፖንጅ በተለበጠችው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ እሱ ከመስታወቱ ወዲያ ሆነው።

ዛሬ የሚቀዱት የአንድ የጥርስ ሐኪምና ከበላዩ የምትኖር ልብስ ሰፊ ታሪክ የመጨረሻ ምዕራፍ ነው። ሁለቱ መጀመሪያ በስፌት መኪናዋ ጩኸት ተጣሉ። ከዚያ ሐኪሙ የኮቱን ቁልፍ በገዛ እጁ እየበጠሰ «ወደቀብኝ» እያለ ደረጃውን መውጣት ያዘ። ትሰፋለታለች፣ ትሰድበዋለች፣ ይወርዳል። ሌላ ነገር የለም። መጽሐፉ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው እንኳ እጅ ለእጅ አልተነካኩም።

«እነዚህ ሰዎች እስኪሳሳሙ እኔ ጡረታ ልወጣ ነው» ትላለች ታላቅ እህቷ። ነርስ ናት፤ ወደ ሥራ ስትሄድ መንገድ ላይ ታዳምጣለች። ታሾፋለች እንጂ አዲስ ምዕራፍ ሲዘገይ ከማንም ቀድማ የምትደውለው እሷው ናት።

ተራኪዋ ለዚህ መልስ አላት። ሰው እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚወደው ለመሳሙ አይደለም፤ መሳም የትም ሞልቷል። የሚወደው አንዱ የሌላውን ሻይ ሳይጠይቅ ስኳሩን ለክቶ ማቅረቡን ነው። ተጣልተው ሲለያዩ ሁለቱም በር ላይ ትንሽ መቆማቸውን ነው። ደግሞ መጨረሻው እንደሚያምር እያወቀ፣ ሳይሰጋ፣ እየሳቀ መጠበቁን። በኑሮ እንዲህ ዓይነት ጥበቃ አይገኝም ይባላል። እሷ ግን ያገኘች መስሏት ነበር።

አንድ ዘዴ ነበራት። የረጅም ጊዜ ተራኪ ናትና ምላሷ እንዲሁ በዋዛ አይያዝም። ግን የዕለቱ ሥራ የመጨረሻ ገጽ ላይ ስትደርስ መሳሳት ትጀምራለች። «ይቅርታ፣ እንደገና» ትላለች። ጆሮ ይስቃል፣ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፣ ደግማ ትሳሳታለች። አንዷን ዓረፍተ ነገር እያመላለሱ ሌላው ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲሄድ እነሱ ይቀራሉ። ይህን የነገረችው ለእህቷ ብቻ ነው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ንገሪውና ይውጣልሽ» አለቻት እህቷ ዛሬ ጠዋት በስልክ።

«ዛሬ እነግረዋለሁ። መጽሐፉ ሲያልቅ።»

«ባለፈውም መጽሐፉ ሲያልቅ ብለሽኝ ነበር።»

«የዛሬው የእውነት ነው።»

የእውነት ነበር። እንዴት ብላ እንደምትጀምር አስባበታለች። አዲስ ሸሚዝ ገዝታ ለብሳለች። ስትገባ ጆሮ ከላይ እስከ ታች አያትና «ሸሚዝሽ ይንኮሻኮሻል» አላት፤ ሌላ ነገር አላለም። ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ወንበሩ ጀርባ ላይ የሚያኖረውን የራሱን ሹራብ አቀበላት። ከላይ ደረበችው። ሸሚዙ አልታየም፤ እሷ ግን አልከፋትም። ሹራቡ የእሱን ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

አጋማሹን ጨርሰው ሲያርፉ ሻይ ይዞላት ገባ። ስኳሩ ልክ ነበር። ሌላ ጊዜ እንደሚያደርገው በሩን ተደግፎ አልቆመም፤ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«እሜቴ፣ የምነግርሽ ነገር ነበረኝ።»

ወደ እሱ ዞረች። «እኔም ነበረኝ።»

«እንግዲያው አንቺ ቅደሚ።»

«አይ፣ አንተ።»

በእጇ የያዘችውን ብርጭቆ አየ። «ላገባ ነው» አለ።

ከአንገቷ በላይ የሆነ ነገር ፈገግ አለ። «ማንን?»

«መኪና የምታስተምረኝን ልጅ። አንድ ቀን መሀል መንገድ ላይ ፍሬን ረገጠችና ‹ትወደኛለህ ወይስ መንገድ ማየት አትችልም?› አለችኝ።» ሳቀ። «መጽሐፍ ቢሆን አትወጂውም። ገና ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ አለቀ።»

«አንተስ ምን አልካት?»

«ምን እላለሁ? ከኋላ መኪኖች ክላክስ እያደረጉ ነው። እወድሻለሁ አልኳት። ስለው ደግሞ እውነት ሆኖ አገኘሁት።»

ተራኪዋም ሳቀች። ሳቅ ማምጣት ሥራዋ ስለሆነ እውነተኛ ሳቅ መስሎ ወጣላት። «እንኳን ደስ ያለህ» አለች።

«አንቺስ ምን ልትነግሪኝ ነበር?»

«ረሳሁት።»

ጆሮ ቀና ብሎ አያት። ድምፅ ሲዋሽ የሚያውቅ ሰው ነው፤ እሷም ማወቁን ታውቃለች።

«አንድ ጊዜ ጠይቄሽ ነበር» አለ። «የመጀመሪያዎቹን መጽሐፎች ስንቀዳ። ሰው የእውነት እንዲህ ይጠብቃል ወይ ብዬ።»

«የሚወድ ሰው አይቸኩልም አልኩህ።»

«አዎ። እኔም አልቸኮልኩም።»

ሻዩ በእጇ ላይ ቀዘቀዘ።

«ማታ ማታ ሆን ብለሽ እንደምትሳሳቺ አውቅ ነበር» አለ ጆሮ። «የእውነት ስትሳሳቺ ትንፋሽሽ ቀድሞ ይቆማል። እዚያኛው ላይ ግን አይቆምም።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ትነግሪኛለሽ ብዬ ነዋ። ስጠብቅ ስጠብቅ ቆየሁና፣ ኋላ ላይ ጨዋታሽ ነው አልኩ። ከማንም ጋር ብትሠሪ እንዲሁ የምታደርጊው።»

ክፋት አልነበረበትም አነጋገሩ። ቢኖርበት ይቀላት ነበር።

«መጣሁ» ብላ ወጣች። መጸዳጃ ቤት ገብታ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተችና አለቀሰች። ምንም ያህል ውሃ ቢጮህ ጆሮ እንደሚሰማት ታውቃለች። ይስማ ብላ ግን አልነበረም፤ መታገሥ ስላቃታት ነው። ጅል ነኝ አለች ለራሷ። ሰው ሁሉ ደረጃውን ሲወጣ ስታነብ ኖራ እሷ ከአንድ ደረጃ ፈቅ አላለችም። የምትወደው ሰው ደግሞ ከታች ቆሞ ይጠብቃት ነበር፤ ማዶና ማዶ ሆነው በመስታወት እየተያዩ። በመጽሐፍ ውስጥ ሐኪሙን ወደ ላይ የሚገፋው ጸሐፊው ነው። እነሱን የሚገፋ አልነበረም፤ ፍሬን የረገጠችውም ሌላ ሴት ናት። ያቺን ሴት ልትጠላት ሞከረች፤ ሳታውቃት ደስ አለቻት፣ ይህ ይበልጥ አስለቀሳት።

ፊቷን ታጥባ ተመለሰች። ጆሮ ከመስታወቱ ማዶ ቦታው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ዓይኑን ወደ እሷ አላነሣም።

«ድምፅሽ ትንሽ ወፍሯል» አለ። «ነገ ልንጨርሰው እንችላለን።»

«ዛሬ እንጨርሰው።»

ቀይዋ መብራት በራች። ሐኪሙ ደረጃውን ወጣ፤ ልብስ ሰፊዋ እጇን ዘርግታ ኮቱን ጠበቀች። «ዛሬ ምንም አልወደቀብኝም» አላት። ሁሉም ቁልፍ በቦታው ነበር። ልብስ ሰፊዋ ቆይታ ቆይታ «እኔም እኮ ቶሎ እንዲወድቁ ላላ አድርጌ ነበር የምሰፋቸው» አለችው። ተራኪዋ ይህን ቤቷ ስታነበው ትራሷን አቅፋ ስቃ ነበር። አሁን የሁለቱንም ድምፅ በየተራ አወጣች፤ የሰፊዋን ኩራት፣ የሐኪሙን መንተባተብ። ጆሮ ሳቅ የሚገባበት ቦታ ላይ ፈገግ አለ፤ ከንፈሩ ግን መጨረሻ ድረስ አልሄደለትም።

የመጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርሱ ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልኩ በራ። አየውና ደፋው።

«እሷ ናት?» አለች ተራኪዋ።

«አዎ። ታች መኪና ውስጥ ሆና እየጠበቀችኝ ነው።» ወደ መስታወቱ ጠጋ አለ። «አንቺ ግን ቀስ ብለሽ አንብቢ። አልቸኩልም።»

የቀረችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። እጁን ማውሱ ላይ አድርጎ ጠበቃት፤ ወደ ኋላ ለመመለስ፣ ሌላ ጊዜ ሁሉ እንደሚያደርገው። ብትሳሳት እንደሚቆይ ገባት። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከፈለገችም እስኪመሽ ይቆይላታል፤ ልጅቷም ታች ትጠብቃለች።

«ኮቱን ወንበሩ ላይ አስቀመጠና፣ ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ፈቃድ አቆመች።»

ዓረፍተ ነገሩ ከአፏ ጥርት ብሎ ወጣ። ምላሷ አልተያዘም፤ ትንፋሿም አልቆመም። ጆሮ ማውሱን እንደያዘ ነበር።

«እንደገና አትዪውም?» አለ ቀስ ብሎ።

ማዳመጫውን አውልቃ ሰቀለች። ከዚያ ሹራቡን አወለቀች፣ አጣጠፈችው፣ ለእሱ እንዲመቸው በሩ አጠገብ አስቀመጠችለት።

«አይ» አለች። «ደህና ነው። ሂድ፣ አታስጠብቃት።»