የታሰረው እርሳስ

ሳቢሪን በኖራ ያሰረችውን እርሳስ የአክስቷ የባሂራ ቆጮ ፈታው።

ቡታጅራ፣ በባሂራ ጓሮ ውስጥ፣ አንድ ተከራይ ያረጁ የመኪና ባትሪዎችን እየሰበረ እርሳስ ያቀልጥ ነበር። እሱ ሄደ፤ መርዙ አፈሩ ውስጥ ቀረ። ሳቢሪን የአፈር ትምህርቷን እንደጨረሰች ኖራና የተቃጠለ አጥንት ዱቄት አምጥታ እርሳሱ በውኃ እንዳይሟሟ ከአፈሩ ጋር ደባለቀች፣ ናሙና አስመረመረች፣ ውጤቱ ሲያምርላት ለአክስቷ "እርሳሱ ታስሯል" አለቻት። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ማብራራት ይሰለቻታል።

ዛሬ ምሳ ተጠርታ መጣች። ቆጮና ጎመን ቀርቧል። የባሂራ ልጅ ሚስት ሰልሚያ፣ ሆዷ ገፍቶ፣ ግድግዳ ተደግፋ ትበላለች።

"ብዪ እንጂ ሳቢ! ከስተሽ ጠመኔ መስለሻል" አለቻት።

"ከአዲሱ ጉድጓድ የወጣ ነው" አለች ባሂራ። "አንቺ ያለሰለስሽው አፈር ለመቆፈር እንዴት እንደተመቸኝ!"

ሳቢሪን የጎረሰችውን ማኘክ አቆመች። ይኮመጥጣል። ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ሲብላላ መኮምጠጡ ያለ ነው፤ ኖራ ያሰረውን እርሳስ ደግሞ ኮምጣጣ ይፈታዋል።

"የቱ ጋ ነው የቆፈርሽው?"

"ከአቮካዶዋ ሥር።"

ባትሪው የሚሰበረው እዚያ ነበር። ሳቢሪን ወደ ጓሮ ሮጠች። የጉድጓዱን መክደኛ ድንጋዮች አንስታ የእንሰቱን ቅጠል ገለጠች። ከታች የተነጠፈው ተቀዷል። አፈሩ ረጥቦ ጠቁሯል፤ ከቆጮው ጋር ተላቁጧል። እየሮጠች ተመለሰች።

"ማንም እንዳይበላ!"

"ምነው፣ ፀጉር አገኘሽበት?" ሰልሚያ ሳቀች።

"ኮምጣጣው እርሳሱን ፈትቶታል። ቆጮው ውስጥ ገብቶ ይሆናል።"

"ታስሯል ብለሽኝ የለም እንዴ?" አለች ባሂራ። "ወላሂ፣ በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት!"

"ብያለሁ፣ አክስቴ።"

"ታዲያ እስር ቤቱን ሳትቆልፊ ነው የሄድሽው?"

ማንም አልሳቀም። ባሂራ ራሷ አፏን በእጇ ያዘች።

ሰልሚያ የያዘችውን ጉርሻ ትሪው ላይ መለሰች። "ጉድጓዱ ከተከፈተ ጀምሮ አምሮቴ ይኼ ብቻ ነው" አለች ቀስ ብላ። "ወደ ልጁ ይደርሳል?"

"መጀመሪያ ደምሽ ይመርመር፣ ምናልባት መጠኑ…"

"እሱን አልጠየቅኩሽም።"

ሳቢሪን ትሪውን ከፊቷ አራቀች። "ይደርሳል።"

ሰልሚያ እጇን ታጠበች። ደግማ ታጠበች። አፏን ተጉመጠመጠች፣ ሻሿን አጥብቃ አሰረች፣ ጫማዋን አጠለቀች።

"ሆስፒታል አብሬሽ ልሂድ" አለች ሳቢሪን።

"አንቺ እዚሁ ሁኚና ለእማ አስረጃት። ዛሬ እንኳ ጨርሰሽ ንገሪያት።"

ወጣችና በሩን ዘጋችው።