በአቦ ዕለት የታጨደ ሰሊጥ

ምናለ የቀበሌ ሥራ አስኪያጅ ከሆነ ወዲህ ሕገ መንግሥቱን እንደ ዳዊት ነው የሚደግመው። መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው የሚለውን አንቀጽ አሥራ አንድንማ ሳያይ ይወጣዋል። ጥቅምት አምስት፣ ሰኞ ጠዋት ሳቢራ ቢሮው ስትገባ ይህ ኩራቱ ገና አብሮት ነበር።

ሳቢራ ባሏን ካቻምና የቀበረች፣ በሁለት ሄክታር ሰሊጥ አራት ልጆች የምታሳድግ የመተማ ሴት ናት።

«ሰሊጡ አፉን ከፍቷል፤ ዛሬ ካልታጨደ መርገፉ ነው» አለች። «ሠራተኞቹ ትናንት እሑድ፣ ዛሬ አቦ ብለው ተኝተዋል። መንግሥት አንተ ነህ፤ እዘዝልኝ።»

«እትዬ ሳቢራ፣ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም። ዛሬ እነሱን በበዓላችሁ ሥሩ ብል፣ ነገ እርስዎን ጁምዓ አይስገዱ የሚል ይመጣል።»

እውነቱን ነበር፤ ያናደዳትም እሱ ነው። «ሕጉ መልካም ነው፤ ሰሊጡ ግን አላነበበውም» ብላ ወጣች።

ምናለ አፈረ። ሰው ትክክል ሆኖ እንዴት ያፍራል? ትንሽ ተቁነጠነጠና የአንድ ቀን የዓመት ፈቃድ ሞልቶ ለጸሐፊዋ ሰጠ። ባጁን መሳቢያ ውስጥ ጥሎ ወደ ሠራተኞቹ ዳስ ገሰገሰ።

አለቃቸው ታደገ፣ የጎጃም ሰው፣ ጥላ ሥር ተጋድሟል። «ሊያዙን ከሆነ የመጡት…»

«ፈቃድ ላይ ነኝ፤ ልለምን ነው የመጣሁ። ሴትዮዋ እኮ ባሏ ሞቶባታል።»

ታደገ ቀና አለ። «ማን ነገረን? እኛ የምናውቀው ያዋዋለንን ደላላ ነው። በኛ አገር በበዓል ለራስ ወይም ለደመወዝ ማጭድ ማንሳት ነውር ነው። ባል ለሞተባት በነጻ ማጨድ ግን ጽድቅ ነው፤ አቦዬም አይቀየሙም።»

ሃያ ሰው ማጭዱን ይዞ ወጣ። ሳቢራ ደመወዝ ልክፈል ብትል ታደገ እናቆማለን አላት። እሷም በትልቅ ድስት ፉል ጣደች። ሥጋ ቢሆን ክርስቲያኑና እስላሙ በየፊናው ይበላ ነበር፤ ፉል ግን ሁሉንም ያስማማል።

ምናለም ማጭድ ተውሶ ተሰለፈ። ታደገ ትንሽ አየውና «አንቱ፣ በማጭድ ጉዳይ ጣልቃ አይግቡ፤ ጣትዎን ያጡታል» አለው። ማሳው ሁሉ ሳቀ፤ ምናለም ነዶ ተሸካሚ ሆነ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ የመጨረሻው ክምር ቆመ። ሳቢራ የሰሊጥ ዘይት ደህና አድርጋ ያፈሰሰችበትን ፉል ለምናለ አቀረበችለት።

«ነገ ቢሮ አለህ?»

«አለሁ፤ ምነው?»

«ያን አንቀጽ ደግመህ ታነብልኛለህ። ጁምዓ ያልከው ላይ ተናድጄ ነው እንጂ ለእኔም የቆመ ሕግ ነው።»