የደመቀች ቁራኛ

ደመቀች ጋቢዋንስ ለምን ሰጠች፣ በኅዳር ውርጭ፣ ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተንፏቀቀ እስከ ጠበሉ አጥር በወጣበት ማለዳ፣ ወደ አገሩ ወደ ለሚ የሚሄድ ሰው፣ ያን ሁሉ ደጋ በእግሩ የሚያቋርጥ ሰው ጋቢውን ለሽባ ሰጥቶ ይሄዳል? ይሰጣል እንጂ፣ ለነፍሱ ያለ ይሰጣል፣ ምጽዋት ነው፣ ምን ክፉ አገኘችበት አስታማሚዋ ለተጊዮርጊስ፣ ሁልጊዜ ክፉ ክፉው ነው የሚታያት፣ እናቷም ይሉ ነበር፣ ይቺ ልጅ ሠርግ ቤት ገብታ ለቅሶ ትሰማለች። ትሰማለች። ምን ታድርግ።

ሰንሰለቱ ከእሷ ግራ እጅ ተነሥቶ የደመቀችን ቀኝ እጅ ይይዛል፣ ቢረዝም ክንድ ተኩል ነው፣ አርባ ቀን ሙሉ አብረው በልተው አብረው ተጠምቀው አብረው ሜዳ ወጥተዋል። ቁራኛ ማለት ይኸው ነው፣ የሚቆራኘው ዳኛ ፊት የሚቆም ከሳሽና ተከሳሽ ብቻ አይደለም፣ እዚህ ከአንኮበር በታች ካለው ጠበል አእምሮው የታወከና አስታማሚውም ይቆራኛሉ፣ ገደሉ ቅርብ ነዋ።

ቁልፉ በቀኝ መዳፏ ውስጥ ነው፣ ላብ አርሶታል። ዛሬ ማለዳ ነው አባ ወልደተንሣኤ የሰጧት፣ አጥማቂው፣ መምህሯ፣ ምንባቡን ስጨርስ በሕዝቡ ፊት ትፈቻታለሽ ልጄ፣ ያን ጊዜ ትምህርትሽ አለቀ፣ ደብረ ብርሃን ሄደሽ የሕሙማኑን ቤት ትይዣለሽ፣ ከታች ያሉትንም ታስተምሪያለሽ። ሦስት ዓመት። አንደኛው ዓመት ማጠብና ማጉረስ፣ የሚተፋብሽን ሰው ሳትቆጪ ማጉረስ፣ ከኋላው አለመምጣት፣ ሲጮኽ ድምፅን ዝቅ ማድረግ። ሁለተኛው ቁራኝነት፣ ሲጎትት አብሮ መሄድ እንጂ አለመጎተት። ሦስተኛው ትልቁ ነው፣ መፍታት፣ ማን እንደዳነ ማን እንዳልዳነ መለየት፣ እሱን ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም፣ ዛሬ ደግሞ እሷ። ወንድሟ ብርሃነ መስቀል ቅኔ ተቀኝቶ የተመረቀ ጊዜ ቤቱ በጠላ ታጠበ፣ እሷን ግን ይስቅባታል፣ የእብድ ገላጋይ ድንጋይ ያቀብላል እህቴ፣ አንቺ ስንት ድንጋይ አቀብለሽ ነው የምትመረቂው። ዛሬ ይምጣና ይይ። መጥቷል፣ ከአጥሩ ጋ ቆሟል፣ ኩታውን አጣፍቶ። ደስ ይላታል። ደስ ሊላት ይገባል፣ ከዚህ ጉምና ከዚህ ገደል መውጫዋ ነው።

ታዲያ ጋቢዋን ለምን ሰጠች።

ደመቀችን ከለሚ በቃሬዛ አስረው ነው ያመጧት፣ ከብቱ ሁሉ በወደቀበት በዚህ ክፉ ዓመት በሬዎቿ ከበረት ቀሩ፣ ባሏ እህል ልፈልግ ብሎ ቆላ ወርዶ ቀረ፣ ሁለት ልጆቿን ባንድ ሳምንት ቀበረች፣ ከዚያ ወዲያ አፈር በእፍኟ እየዛቀች ትቅም ነበር፣ እዚህም መጥታ ስትቅም ስንት ጊዜ ከአፏ አስወጥታለች ለተጊዮርጊስ፣ ጣቷ ላይ የደመቀች ጥርስ ጠባሳ አለ። ይኸው ከተለወጠች ሦስት ቀኗ። ፀጉሯን ተሠራች፣ ቂጣዋን ጨርሳ በላች፣ ማበጠሪያዋን ለዓይነ ስውሯ፣ ጋቢዋን ለሽባዋ ሰጠች፣ የሁሉንም ጉልበት ስማ ይቅር በሉኝ አለች። ሴቶቹ እልል አሉ። ለተጊዮርጊስም እልል አለች፣ አፏ እልል ሲል እጇ ግን ሰንሰለቱን ያዳምጣል፣ ሰንሰለቱ አይነቃነቅም፣ የሚድን ሰው እኮ ይፈልጋል፣ ውሃ ስጡኝ ይላል፣ ቂጣው አረረ ይላል፣ ይነጫነጫል፣ ይቺ ግን ምንም አትፈልግ፣ ጉዳይዋን የጨረሰች ትመስላለች።

የዳነ ሰው ይበላል፣ ይስቃል፣ ይመርቃል። አባ ያስተማሯት ይህን ነው። ዘይኑልአቢዲንም በልቷል፣ ስቋል፣ መርቋል። ኧረ ተይ እሱን አታንሺ። ከአልዩ አምባ የመጣው የአሞሌ ነጋዴ፣ አምና፣ ሁዳዴ ሲያልቅ፣ አልሐምዱሊላህ እህቴ ዛሬስ ቀለለኝ፣ ዱዓ አደርግልሻለሁ ብሎ መቁጠሪያውን በእጇ አኖረላት፣ እሷ ናት እየሮጠች ሄዳ አባ፣ ሰውየው ድኗል ያለች፣ እሷ። ፈቱት። ፀሐይ ሳትከር ከገደሉ ሥር አነሡት። አባ ምን አሉ፣ ጋኔኑ ሲወጣ ይዞት ወጣ፣ አንቺ ምን በወጣሽ። ምን በወጣሽ የምትለዋን ይዛ ዓመት ኖረችባት፣ ትመች ነበር። ውሸት ናት። የያዘው ጋኔን አልነበረም፣ ሊሞት ቆርጦ ነበር፣ ቆርጦ ስለነበር ነው የቀለለው። ይህን ታውቃለች፣ ማንም አላስተማራትም፣ ከማንም መጽሐፍ አላገኘችውም፣ ግን ታውቃለች።

አባ የመጨረሻዋን ገጽ ገለጡ። ሕዝቡ ይቆማል።

መጠየቅ ነው እንጂ። ቀጥ ብሎ መጠየቅ። ኧረ በሥላሴ፣ በሕመምተኛ ፊት ሞት አይጠራም፣ የመጀመሪያው ትምህርት ነው፣ ከማጠቡም ከማጉረሱም በፊት፣ ሞትን የጠራ ሞትን ጋበዘ፣ ብትጠይቃትና ያላሰበችው ቢሆንስ፣ አሳሰብሻት ይሏታል፣ ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ፣ ሦስት ዓመት ለፍታ ባንድ ቃል፣ በወንድሟ ፊት፣ ደብረ ብርሃንስ። ዝም ብትል ምን አለበት፣ ምናልባት እኮ እውነትም ድናለች፣ ምናልባት። ፍቻት፣ ትሂድ፣ ከሄደች በኋላ ያንቺ አይደለችም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፣ እናንተም ናችሁ የምትደብቁት፣ እኔም ነኝ፣ ፈራሁ፣ በጣም ነው የፈራሁት እመብርሃን።

አሜን ይላል ሕዝቡ።

ደመቀች፣ ትላታለች ጆሮዋ ሥር ጎንበስ ብላ፣ ስፈታሽ ልትሞቺ ነው?

ፈገግታው ከደመቀች ፊት ቶሎ አይሄድም፣ ሰው እንደወጣበትና በሩ እንዳልተዘጋ ቤት ጥቂት ይቆያል። ማን ነገረሽ? ማንም፣ ጋቢሽን ሰጠሽ። ሰንሰለቱ ይንቀጠቀጣል። አዎ፣ ትላለች። ዛሬ? ዛሬ፣ ከጥዱ ወዲያ ካለው ገደል፣ ቀንሽን እንዳላበላሽብሽ ነው ስስቅ የከረምሁት፣ ደብረ ብርሃን ትሄዳለች ሲሉ ሰምቼ፣ ርቀሽ ከሄድሽ በኋላ ላደርገው ነበር ግን አልቻልሁም እቴ፣ ደከመኝ።

ከዚያ ትጮኻለች። አርባ ቀን ያልጮኸችው ጩኸት ነው፣ አፈር ስትቅም እንኳ እንዲህ አልጮኸችም፣ መሬት ትወድቃለች፣ ለተጊዮርጊስም አብራ ትወድቃለች፣ አለመጎተት ነው፣ አብሮ መሄድ ነው፣ ሕዝቡ ያማትባል፣ ተመለሰባት፣ ጋኔኑ ተመለሰባት። አባ መስቀላቸውን ይዘው ከበላይዋ ቆመዋል። ምን አልሻት? ሞትን ጠራሁባት አባ። አንቺ? ሦስት ዓመት አስተምሬሽ? እኔ ነኝ አባ፣ ዛሬ ልትሞት ነበር፣ ጠይቄያት አዎ አለችኝ፣ ዘይኑልአቢዲንም እንደዚህ ነበር፣ አልጠየቅነውም እንጂ። ፊታቸው ይጠቁራል፣ የሰሙ ይመስላታል፣ ለቅጽበት እውነት የሰሙ ይመስላታል፣ እጃቸውን ይዘረጋሉ። ቁልፉን ወዲህ በይ። ትሰጣቸዋለች። ደብረ ብርሃን ሌላ ሰው ይሄዳል። ይሁን አባ። እስከ መቼ ከእሷ ጋር ታስረሽ ልትኖሪ ነው? አላውቅም አባ።

ሰዉ ይበተናል። ብርሃነ መስቀል በጎረቤላ መንገድ ሽቅብ ይወጣል፣ አልሳቀም፣ ቢስቅ ይሻላት ነበር። ታለቅሳለች፣ ለደመቀች አይደለም፣ ለራሷ ነው፣ ለቀረባት ሁሉ፣ ማንም አያያትምና ታለቅሳለች። ጉሙ አጥሩን አልፎ ገብቶ ሁለቱን ሴቶች ይሸፍናል፣ ይበርዳል፣ የራሷን ጋቢ ትዘረጋውና ለሁለት ትለብሰዋለች። አርባ ቀን። አርባ ቀን እጅ ለእጅ ታስረው የልጆቿን ስም ጠይቃት አታውቅም፣ ማንም አልጠየቃትም፣ ይብስባታል ተብሎ።

ትልቁ ማን ነበር ስሙ?

የደመቀች ነፃ እጅ ወደ መቀነቷ ጫፍ ይሄዳል፣ ጥብቅ ቋጠሮ ነው፣ ጣቷ ይደነባበርበታል። ኪዳነ ማርያም፣ ትላለች፣ ጥርሱ የወለቀ ዕለት ነው ያተኮሰው፣ ሲሻልህ ጣራ ላይ ትወረውራታለህ ብዬ ቋጠርኋት፣ ሁሉን ሰጥቼ እሷን ለማን እንደምሰጥ አጣሁ፣ እንኪ አንቺ ያዢልኝ።

አልይዝም፣ ትላለች ለተጊዮርጊስ፣ አትስጪኝ፣ አሳዪኝ ብቻ።