የጨካኟ ጦስኝ

የጦስኝ ዘይት ማጣሪያው ግቢ ውስጥ የአንዷን አብቃይ እውነተኛ ስም የሚያስታውስ የለም፤ ሁሉም «ጨካኟ» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት ሰውም አልዋሸም። ጦስኟ ሊታጨድ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ውሃ ትነፍገዋለች፤ ትል ሲበሳው ደግሞ እጇን አጣጥፋ ታያለች። ይኸው ሃያ ዓመቷ።

ሰሞኑን ግን ጣጣ መጣባት። ዘይቱን የሚገዛው የሳል መድኃኒት ፋብሪካ፣ ከሁሉም መደብ ተቀላቅሎ የተጣራውን ጭነት «ኃይል የለውም» ብሎ መለሰው። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ፣ ጫማው ገና ጭቃ ያልለመደ የእርሻ ምሁር፣ ግቢውን ዞሮ ዞሮ ዓይኑ የእሷ መደብ ላይ አረፈ። ቅጠሉ ደቃቃ ነው፤ ግማሹም የተበሳሳ።

«እማማ፣ አይቀየሙኝ፤ ጥፋቱ ከዚህ ነው። አርብ ይነቀላል።»

ደሟ ፈላ። «ንቀለው! ከመንቀልህ በፊት ግን፣ ልጄ፣ ከእኔም ከዚያ ከለምለሙም እኩል መዝነህ ለየብቻ አፍላ።»

«ለምን?»

«ጦስኝ ሽታውን ለእኛ ብሎ የሚሠራው መስሎህ ነው? ለትሉ ነው እንጂ! ሲነከስና ሲጠማ መሸሻ እግር የለውም፤ መከላከያውን ቅጠሉ ውስጥ ያበጃል። ጠግቦ የተኛው ምን አስጨንቆት?»

ዘይት አጣሪው፣ የሥራ ባልደረባዋ፣ ሳቀባት። «ይህን ወሬ ሃያ ዓመት ሰማሁልሽ። ዛሬ ይለይልን!»

ሐሙስ ጠዋት የለምለሙ መደብ ቅጠል በርሜል ገባ። እንፋሎቱ በቱቦው አልፎ ሲቀዘቅዝ፣ መቀበያው የመስታወት ዕቃ ውስጥ ከውሃው በላይ አንድ ጣት ዘይት ተንሳፈፈ። ከሰዓት የእሷ ተራ ሆነ። ጆንያ ላይ ተቀመጠች። እስከዛሬ ለብቻው የለካላት ሰው አልነበረም፤ ብሳሳትስ ብላ ፈራች።

አጣሪው መስታወቱን ወደ መስኮቱ አነሳ። አሁን አልሳቀም።

«ሦስት ጣት» አለ።

ሥራ አስኪያጁ አንድ ጠብታ ምላሱ ላይ አደረገ፤ አቃጠለውና ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የቀሩትን መደቦችስ ውሃ ማን ይዝጋልን?»

«ማን ይዘጋል፣ እኔ ነኛ!»

ኩራቱ ደረቷን ሞላው፤ ልትደብቀውም አልሞከረች።

በወሩ አዲሱ ጭነት ሲወጣ፣ ሥራ አስኪያጁ ቅጹ ላይ «አምራች» የሚለው ቦታ ደርሶ ሙሉ ስሟን ጠየቃት።

«ጨካኟ ብለህ ጻፍ» አለችው። «በትልቁ።»