የእትዬ ወለተ ኪዳን ጥልፎች

ልጄ ሩሐማ ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ስትከፍት፣ አንድ ቀን የሰው ዕቃ ታቃጥልና መግቢያ እናጣለን ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። የሰው ዕቃ ያጠፋሁት ግን እኔ ነኝ።

እትዬ ወለተ ኪዳን የሙሽራ ካባ ይጠልፋሉ። የጥልፍ ማሽናቸው ከአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ጋር የተያያዘ ነው። ሐረጉንም ቅጠሉንም ዓይናቸው ደህና በነበረበት ዘመን ራሳቸው ሥለው እዚያ ውስጥ አስቀምጠዋል። ኮምፒውተሩ ሲሞት ያሳዩዋቸው ሁሉ "ማሽኑንም አብረው ይጣሉት፣ አዲስ ይግዙ" አሏቸው። አዲሱ ማሽን ደግሞ የእሳቸውን ጥልፎች አያነብም። "ይተዉልኝ፣ ልሞክረው" ያለች ሩሐማ ብቻ ነች።

አንድ ትንሽ አዲስ የኮምፒውተር ቦርድ አሮጌው ሳጥን ውስጥ ገጠመችና ልክ እንደ አሮጌው እንዲሠራ ታስተምረው ጀመር። መጀመሪያ ሲሞከር መርፌው ተሰበረ።

"አላልሁም?" አልሁ።

"አልተበላሸም እኮ፣ እማ። ፈጠነ እንጂ። ፕሮግራሙ ጊዜ የሚቆጥረው በድሮው ኮምፒውተር ፍጥነት ነው። አዲሱ ሲሮጥበት ጨርቁ ቦታው ሳይደርስ መርፌው ይወጋል። እንዲያዘግም ማድረግ አለብኝ።"

አዘገመችው። ማሽኑ እንደ ድሮው ቀስ እያለ ጠለፈ። የቀረው ጥልፎቹን ከአሮጌው ዲስክ ወደ አዲሱ መቅዳት ነበር።

ምሳ ይዤላት በሄድሁበት ቀን ቅጂው ተጀምሮ ደረስሁ። ዲስኩ ስላረጀ አንዴ ከቆመ ዳግመኛ ላይነሳ እንደሚችል ነገረችኝ።

"መብራት ቢሄድም ይኼ የሰካሁበት ባትሪ ይይዘዋል። እትዬን ልጥራቸው፣ ሥራቸው ሲመጣ ይዩት። አንቺ ብቻ ምንም አትንኪ።"

ወጣ እንዳለች መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ። ባትሪው ይጮህ ጀመር። በእኛ ቤት መብራት እንዲህ ሲያደርግ ማቀዝቀዣው ይነቀላል፣ ቴሌቪዥኑ ይነቀላል፣ የስልክ ቻርጀር እንኳ አይቀርም፤ ሲመለስ በኃይል መጥቶ ያቃጥላላ። እጄ ይህን ለምዷል። ጩኸቱ የቃጠሎ መሰለኝ። ሱቁ ሲነድ፣ ልጄ ጣቢያ ስትወሰድ ታየኝ። ከባትሪው ላይ ያገኘሁትን ገመድ ሁሉ መነጨቅሁት።

ዲስኩ ድምፁ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ዝም አለ።

ወዲያው ሩሐማና እትዬ ገቡ። ሩሐማ የተነቀለውን ገመድ አየች፤ ከዚያ እኔን አየች። ገመዱን በእግሯ ወደ ጠረጴዛው ሥር ገፋ አደረገችው።

"እትዬ፣ መብራት ሄደብን" አለች። መልሳ ልታስነሳው ሞከረች። ዲስኩ ጠቅ ጠቅ ብሎ ቆመ።

"ባትሪ አለኝ አላልሽም?"

"ብዬ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"ስንቱ ተይው ሲለኝ አንቺን አምኜ! ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል? ያን ሁሉ ዘመን የለፋሁበትን ለሕፃን መጫወቻ ሰጠሁ ልበል?"

እትዬ ወለተ ኪዳን የተናገሩት በአንድ ሳምንት ከተማውን ያዳርሳል። ከዚያ ወዲያ ወደዚያ ሱቅ ማን ይመጣል? ይህን እያወቅሁ የምሳ ዕቃውን አቅፌ ቆሜያለሁ፤ ልጄ አንገቷን ደፍታ ትሰደባለች፣ እኔ አፌ አልከፈት ብሏል። እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው በሩን ሊያልፉ ሲሉ ነው ድምፅ የወጣኝ።

"እትዬ! እኔ ነኝ የነቀልሁት።"

ዞሩ። "ለምን?"

"ይቃጠላል ብዬ።"

"ማቀዝቀዣ መሰለሽ፣ የሺመቤት?"

ሩሐማ በሹክሹክታ "ዝም ብትዪ ምናለ፣ እማ" አለችኝ። ከስድቡ ሁሉ ይልቅ ያሳፈረኝ ይህ ነው። ልጄ እኔን ሸፍና ስሟን ልታጠፋ ቆርጣ ነበር፤ እኔም ልሸፈንላት ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

አብዛኛው ተቀድቷል። የጠፋው ትልቁ የካባ ጥልፍ ነው፤ ደንበኛ ሁሉ የሚያዘውም እሱን ነው። ሩሐማ ካባው ራሱ ቢገኝ ስፌቱን አንድ በአንድ እያየች በድሮው ፕሮግራም እንደገና ልታስገባው እንደምትችል ተናገረች።

"ካባው ያለው በየሰዉ ቤት ነው" አሉ እትዬ። "የሠርግ ካባዋን ማን ታውሳለች?"

"እኔ እለምናለሁ" አልሁ።

ሐሙሲት ከተማ ያለች ኢትዮጵያ የምትባል ደንበኛቸውን ቤት ነገሩኝ። ሄጄ በሯ ላይ ቆምሁና "ለናሙና ፈልገነው ነው" ብዬ ዋሸሁ።

"ናሙናው እሳቸው ጋ የለም እንዴ?"

"ነበር።"

"ታዲያ የት ሄደ?"

ነገርኋት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ልትቆጣ ነው ስል ሳቋ ገነፈለ። በአጥሩ ላይ ጎረቤቷን ጠራች።

"ነይማ ስሚ! ኮምፒውተሩን እንደ ካውያ ነቅለውት! በሉ ለእሷም ይንገሯት።"

ለእሷም ነገርሁ። እየሳቁ ካባውን በንጹሕ አንሶላ ጠቅልለው ሰጡኝ።

ባሕር ዳር ስመለስ ሩሐማ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። እትዬ በጣታቸው እየዳሰሱ እስከ አንገቱ ደረሱና ቆሙ። ክሩ በዕድሜ ብዛት ተፈትቷል።

"የአንገቱን ከዚህ አናገኝም። ሐይቁ ማዶ፣ ዘጌ ሌላ አንዲት ደንበኛ አለች።"

"ደውዬ ልጠይቃት?" አለች ሩሐማ።

"በስልክ ካባ የሚሰጥ የለም" አሉ እትዬ፣ እኔን እያዩ።

ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም፤ የሚገለበጥ ስለሚመስለኝ። በማግስቱ ጠርዙን በሁለት እጄ ጨብጬ ተቀመጥሁ። የሚነዳው ሱሌማን የሚባል ጎልማሳ ነው።

"ለንግሥ ነው ለዘመድ፣ እናቴ?" አለኝ።

ለዘጌዋ ሴት ብቻ ነግሬ ልመለስ ነበር ሐሳቤ።

"ካባ ልለምን ነው።"

"የምን ካባ?"

ተሳፋሪው ሁሉ ዞረ። ሞተሩ ይጮሃል። እንዲሰሙኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ከመጀመሪያው ጀመርሁላቸው።