የአሌክሳንድሪያ ዜጎች

ወንድሜነህ ቅዳሜ ቅዳሜ የት እንደሚጠፋ እናቱ ሲጠይቁት፣ «ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ለቱሪስት ታሪክ አስረዳለሁ» ብሏቸው ነበር። ውሸት አልነበረም። የምን ታሪክ እንደሆነ ግን እሱም አልተናገረም፣ እሳቸውም አልጠየቁም። ወይዘሮ ተናኘ ይህቺን ወሬ ይዘው የሚኖሩባትን ሲልቨር ስፕሪንግን አዳረሷት። በማኅበሩም በፀጉር ቤቱም ልጃቸው ከኮምፒውተር ሥራው ሌላ የታሪክ ሊቅ ሆነ።

በአንዱ የሰኔ ቅዳሜ ወንድሜነህ የቀስተ ደመና ጃንጥላውን ዘርግቶ፣ አሥራ ምናምን የሚሆኑ አሜሪካውያንን ሰብስቦ ሊጀምር ሲል፣ አንዲት አሮጌ ካምሪ መጥታ አጠገቡ ቆመች። እናቱ ወረዱ። ከሾፌሩ ወንበር ደግሞ የማኅበር ጓደኛቸው እትዬ ንግስት ወረዱ።

«እማዬ! ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ሰርፕራይዝ ነዋ! ኧረ ጃንጥላህ እንዴት ያምራል፤ ለጥምቀት አውሰን።»

ከሰዉ ኋላ የቆመው ሄኒ ፊቱ አመድ መሰለ። ሄኒ ጎብኚዎቹን መኪና እንዳይገጫቸው ከኋላ የሚጠብቅ የወንድሜነህ ረዳት ነው። ወይዘሮ ተናኘ የልጃቸው ሩምሜት፣ የቤት ኪራይ ተጋሪው፣ መሆኑን ያውቃሉ። ከዚያ ያለፈውን አያውቁም።

«እኛም እንዲገባን በአማርኛም በለው» ብለው ወይዘሮ ተናኘ ከፊት ቆሙ።

ጉብኝቱ የከተማዋ ጌዮች ድሮ እንዴት ይኖሩና እንዴት ይታገሉ እንደነበር የሚተርክ ነው። ወንድሜነህ በአንድ የውሻ ብስኩት መሸጫ ፊት ቆመና፣ ቤቱ በአንድ ወቅት የጌዮች መጠጥ ቤት እንደነበረ በእንግሊዝኛ አስረዳ። ከዚያ ወደ እናቱ ዞረ። ሐበሻ ጌዮች እርስ በርሳቸው «ዜጋ» ይባባላሉ፤ ሌላ ሰው ቢሰማ ስለ ፓስፖርት የሚያወሩ ይመስለዋል። በጭንቅ ሰዓት አፉ ላይ የመጣለት ይሄው ነበር።

«ይሄ ድሮ የዜጎች መጠጥ ቤት ነበር። ያኔ የቨርጂኒያ ሕግ መጠጥ ቤቶች ዜጋ እንዳይሰበስቡ ይከለክል ነበር። ፖሊስም ድንገት እየገባ ዜጎችን ለቃቅሞ ይወስድ ነበር።»

ወይዘሮ ተናኘ ዓይናቸው ፈጠጠ። «ዜጋውን ነው የሚያስሩት?»

«አዎ።»

«ግሪን ካርድ ያለውንስ?»

«እሱን… ዜጋ ካልሆነ ምንም አይሉትም።»

«ጉድ እኮ ነው! እኔ በዚህ ዕድሜዬ ያንን ሁሉ ጥያቄ ሸምድጄ ዜግነት ስወስድ ይሄን ማንም አልነገረኝም!»

ሄኒ ወደ ግድግዳው ዞረ። ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

አንድ ሸበቶ አሜሪካዊ ሴትዮዋ ምን እንዳሉ ጠየቀ። ወንድሜነህም «በሕጉ ተናደው ነው» አለው። ሰውዬው ልቡ ተነክቶ እጃቸውን ጨበጠ። ወይዘሮ ተናኘም ይህን ያህል ከበሬታ ሲያዩ እጃቸውን ወደ ላይ አውጥተው፣ «አይ አም ሲቲዝን! ቬሪ ፕራውድ!» አሉ። ሕዝቡ በጭብጨባ ቀወጠው። ሸበቶው ከኮቱ ላይ የቀስተ ደመና ባጅ ነቅሎ በነጠላቸው ላይ ሰካላቸው።

ቀጥሎ የቆሙት አንዲት ጠባብ የጡብ ቤት ደጅ ነበር። በዚያ በክፉው የኤድስ ዘመን ጌዮቹ እዚህ ተሰብስበው ለተጨነቀ ሰው ስልክ እየመለሱ፣ ለታመሙት ወጥ ቤት ገብተው እያበሰሉ ያደርሱ እንደነበር ወንድሜነህ በእንግሊዝኛ ተናገረ። ወደ አማርኛው ሊዞር ሲል እትዬ ንግስት እጃቸውን ዘረጉ።

«ለእኔ ተወው፣ ገብቶኛል።»

እትዬ ንግስት እንግሊዝኛ ሲያወሩ ወንድሜነህ አንድም ቀን ሰምቶ አያውቅም።

«ያኔ እንደመጣሁ ሆስፒታል ምግብ አመላላሽ ነበርኩ» አሉ። «ትሪውን የኤድስ በሽተኞቹ በር ላይ ጥለሽ ሂጂ ይሉኛል። በር ላይ የሚጣል ለሰው ነው? እየገባሁ አጎርሳቸው ነበር። አንዱን ስሜ ክዊን ማለት ነው ብለው፣ እኛም ክዊኖች ነን፣ እንዲህ ነው የምንባባለው ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። ነፍሱን ይማረው።» ከዚያ ወደ ጓደኛቸው ዞሩ። «ጌዮች ናቸው፣ ተናኘ። ልጅሽ ዜጋ የሚልሽ እነሱን ነው።»

ወይዘሮ ተናኘ ልጃቸውን አዩት።

«ታዲያ ቅድም እኔ እጄን ያወጣሁት…»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ያ ሁሉ ሰው ያጨበጨበልኝ…»

«አዎ።»

«አንተስ? የእነሱ ታሪክ ምንህ ነው?»

ወንድሜነህ ለዚህች ቀን ስንት ዓመት ንግግር ሲያዘጋጅ ኖሯል። አንዱም ትዝ አላለው። «እኔም ነኝ» አለ።

ወይዘሮ ተናኘ ዓይናቸውን ወደ ሄኒ ወረወሩ። ሄኒ ጃንጥላውን ተቀብሎ ከኋላው ተደብቋል።

«እሱም?»

«እሱም።»

«ኪራይ ለመቆጠብ አይደለም እንዴ አብራችሁ የምትኖሩት?»

«እሱም አለበት፣ እማማ» አለ ሄኒ ከጃንጥላው ጀርባ።

እትዬ ንግስት ሳቃቸውን መቆጣጠር አልቻሉም። ወይዘሮ ተናኘ ግን አልሳቁም። ካምሪዋ ውስጥ ገቡና በሩን ዘጉ። ማታ እትዬ ንግስት ለወንድሜነህ ስልክ ደወሉለት፤ «ባጁን እንደሰካች ገበያ ገብታ ወጣች፣ እኔም አልነገርኳት» አሉት።

ከዚያ በኋላ እናቱ ለሳምንታት ስልክ አላነሱም። ወንድሜነህ ከሳ። ሄኒ ሊያጽናናው ያልሞከረው ነገር አልነበረም፤ አልሆነም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አፓርትማው ተንኳኳ። ወይዘሮ ተናኘ በሁለት እጃቸው ፌስታል ይዘው ቆመዋል። ገቡና፣ ሰላምታ ሳይሰጡ፣ «የሄኒ መኝታ» ሲባል የሰሙትን ክፍል ከፈቱ። ሁለት ብስክሌት፣ ያልተገጣጠመ መደርደሪያና የካርቶን ክምር አለ። አልጋ የለም። ሁለቱ ወንዶች መሬት መሬት አዩ።

«ይሄን ቆሻሻ አውጡና አልጋ ግዙ» አሉ ወይዘሮ ተናኘ።

«ለማን?» አለ ወንድሜነህ።

«ለእኔ ነዋ! እኔ ገና አልቅሼ አልጨረስኩም። ብዙ የምናወራው አለ፤ አንድ ቀን አይበቃውም። ሶፋ ላይ እየተጣጠፍኩ፣ ወገቤን እያመመኝ ደግሞ አላለቅስም።»

ሄኒ ስልኩን አውጥቶ መፈለግ ጀምሯል።

«ፍራሹ ጠንካራ ይሁን ለስላሳ፣ እማማ?»

«ጠንካራ» አሉ፣ ፌስታሎቹን እያቀበሉት።